ለጣሊያን ሁለት ዓይን የሣልሁ ዕለት

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ሚያዝያ ሃያ ስድስት ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው። ሰው የተወለደበትን ቀን ቢረሳ አይፈረድበትም፤ በኛ አገር ስንቱ «ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት ነው የተወለድሁት» እያለ ዕድሜውን ጨርሶ ይሄዳል። የተበደለበትን ቀን ግን ከነሰዓቱ፣ ከነደመናው ያውቀዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። ግን ወግቶም ተወግቶም የተቀመጠ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይነግሩን አልፈዋል። እንደዚያ ያለው ሰው እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ዝናብ በሚያፈስ አንድ ክፍል፣ ከአርባ ሦስት ጣሊያኖች ጋር እኖራለሁ።

አትደንግጡ። ትልቁ ጣሊያን ከአውራ ጣቴ አይበልጥም።

ይህ ዓመል የጀመረኝ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ብዙ የማይረባ ነገር የሚጀምረው እዚያ ነው። ታሪክ ሳጠና አንድ የውጭ አገር መምህር ነበረን። ጠረጴዛው ላይ በቀለም የተቀቡ ትንንሽ ወታደሮች ደርድሮ ያለፈ ጦርነት ይጫወታል። ተራራው ካርቶን ነው። ወታደሩ በማስመሪያ እየተለካ ይራመዳል፤ መሞቱና መትረፉ ከሉዶ በተወሰደ ዳይስ ይወሰናል። ጓደኞቼ ሽማግሌው ወደ ልጅነቱ ተመለሰ ብለው ሳቁበት። እሱ ግን፣ መጽሐፍ «ጦሩ በዚህ አለፈ» ሲልህ ዝም ብለህ ታምናለህ፤ ጠረጴዛ ላይ በእጅህ አንሥተህ ስታሳልፈው ግን የማያልፍ ከሆነ አያልፍም አለን። እኔ አልሳቅሁም። እኔ የማያልፍ ነገር ነበረኝ።

የአያቴ ቤት ከገሳይ ወዲህ፣ በቅሎ መልስ ከሚባለው ዳገት ግርጌ ነበር። ስሙን ልብ በሉልኝ። በቅሎ እንኳ ቀና ብላ አይታው የምትመለስ ዳገት ነው። በጣሊያን ዘመን አርበኞች ከዳገቱ በላይ ሰፍረው ሳለ፣ አንድ ማለዳ ሦስት ብረት ለበስ ታንኮች ከጀርባቸው ድንገት ብቅ አሉና በመትረየስ አጨዷቸው። ከሰፈሩት ሁሉ የተረፈ አንድ ጎረምሳ ብቻ ነው። አያቴም በዚያው ማለዳ ደጃፋቸው ላይ ተገድለው ተገኙ። ቤታቸው ግን አልተቃጠለም።

ያ ቤት አለመቃጠሉ ነው እኛን ሲያቃጥለን የኖረው። አገሬው ቤቱን አየና ፈረደ። በዙሪያው ያለው ጎጆ ሁሉ አመድ ሲሆን የሱ እንዴት ቆመ? መንገዱን ያሳየ እሱ ነው፤ ጣሊያን ከተጠቀመበት በኋላ እንደ አሮጌ ጫማ ጣለው እንጂ። ባንዳ። ይህች ቃል እኛ ዘንድ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ትተላለፋለች። መሬቱንስ በአዋጅ ወሰዱልን፤ እሷን የሚወስድልን መንግሥት ግን እስካሁን አልመጣም።

በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ በድል በዓል፣ የዚያ ማለዳ ሟቾች ስም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይነበባል። የአያቴ ስም አይነበብም። አባቴ በዚያ ቀን በሩን ዘግቶ ማረሻ ሲሞርድ ይውላል። የእርሻ ወቅት ሆነም አልሆነም ይሞርዳል። ሲሞት ማረሻው ሳስቶ ሳስቶ ሽንኩርት የሚከትፉበት ቢላ አህሎ ነበር። እንግዲህ የኔ ምኞት ትልቅ አይደለም፤ ያ ስም አንድ ጊዜ፣ አንድ ዲያቆን እያዛጋም ቢሆን፣ ከሌሎቹ ጋር እንዲነበብ ነው።

ታንክ በበቅሎ መልስ አይወጣም ብዬ ስከራከር ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነው ያለው፤ «የጋፋት መድፍ ወጥቶበት የለም?» ደብረ ታቦር ተወልዶ ከጋፋት መድፍ ያመለጠ ሰው የለም። ጋፋት ዛሬ ላም የሚግጥበት ሜዳ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ግን ፈረንጆቹ ያን የሚያህል መድፍ ያቀለጡበት ቦታ ነው። መድፉ በሰው ጉልበት ሲጎተት በኛ ዳገት ሄዷል ይላል አገሬው። እሺ፣ ይሂድ። መድፉን አእላፍ ሰው በጠፍር እየጎተተ፣ ዓለት እየናደ፣ አፈር እየደለደለ ነው የወሰደው። ታንኩን ማን ጎተተው? አያቴ? ብቻቸውን? በቁርስ ሰዓት?

የዚያ ማለዳ ትራፊ፣ ያ ጎረምሳ፣ ኋላ ግራዝማች እንግዳው የተባሉት ናቸው። ግራ ዓይናቸውን እዚያው ዳገት ላይ ትተው ነው የወረዱ። ስለዚያ ቀን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ካህን ቢጠይቃቸው ዝም፣ ጋዜጠኛ ቢጠይቃቸው ዝም። ዲግሪዬን ይዤ፣ መምህር ሆኜ ስመለስ፣ ደጃቸውን ስጠና ከረምሁ። ጥያቄዬ አንድ ናት፤ ታንኮቹ በየት መጡ? በታችኛው መንገድ ከሆነ የገበያ መንገድ ነው፣ አህያም ታውቀዋለች፣ መሪ አያሻም። በበቅሎ መልስ ከሆነ ግን ያለ አገሬው ሰው አይታሰብም። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ አፌ ያን ቀን አያወራም። እጄ ያስታውስ እንደሆነ እንጃ። አገሩን ሠርተህ አምጣልኝ፤ በጣቴ አሳይሃለሁ» አሉኝ። «ቃል ነው፣ ግራዝማች?» አልኋቸው። «እኔ እንዳንተ ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ቃል ነው» አሉ።

ሁለት ዓመት ሠራሁ። ጭቃውን ከጋፋት ሜዳ አመጣሁ፤ መድፍ የወጣበት አፈር ወታደር አያንሰውም ብዬ። ቀርጬ፣ አድርቄ፣ በምድጃ ጠበስኋቸው። ታንኮቹ የሰርዲን ጣሳ ናቸው፤ ሰንሰለታቸውን ከአሮጌ ጃኬቴ ዚፕ ነቅዬ ሠራሁት፤ አፈ ሙዛቸው የመርፌ ስባሪ ነው። የመስኮት አረንጓዴ ቀለም ከአመድና ከጥላሸት ጋር ሲለወስ ቁርጥ የጣሊያን ዩኒፎርም ይሆናል፤ ይህን ያገኘሁት ብዙ ጣሊያን ካበላሸሁ በኋላ ነው። ባርኔጣ ላይ ላባ ለሚሰኩት ደግሞ አውራ ዶሯችን ለታሪክ ጥናት ሲባል ብዙ መከራ ተቀበለ። ባለቤቴ፣ «አያቶቻችን አምስት ዓመት ተዋግተው ከአገር አስወጡት፤ አንተ መልሰህ ከጓዳዬ አስገባኸው» ትለኝ ነበር። መሶቧ ላይ ታንክ ሲደርቅ ያየች ቀን ግን አልቀለደችም።

ከሁሉም የከበደኝ ዓይን ነው። ነጩ ነጥብ ከስንዴ ፍሬ ጫፍ ያነሰ፣ በላዩ ጥቁሩ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ብሩሼ ከድመት ጭራ የተነቀሉ ሦስት ፀጉሮች ናቸው። ትንፋሽ ይዞ ነው የሚሠራ፤ ከተነፈስህ ወታደሩ ይንሸዋረራል። አርባ ሦስት ሰው፣ ሰማንያ ስድስት ዓይን። ስጨርስ የኔ ዓይኖች መነጽር ጠየቁ። ግን ሠራኋቸው፣ በትክክልም ሠራኋቸው። ጣሊያንን ለማሳመር አልነበረም። የውሸት ወታደር ይዤ የእውነት ምስክር ፊት መቅረብ ስላፈርሁ ነው።

አርበኞቹ ግን አልደረሱልኝም። ጣሊያን አንዱን ካወቅህ ሁሉንም አወቅህ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚለብስ። አርበኛ አንዱ ለምድ፣ አንዱ በርኖስ፣ አንዱ ከሞተ ጣሊያን የገፈፈውን ኮት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሰው ነው። በጥድፊያ ላዋርዳቸው አልወደድሁም። ስለዚህ ለጊዜው በሽምብራ ቆሎ ወከልኋቸው። ይህ ስሕተት ነበር። እመለስበታለሁ።

የድል በዓሉ ዋዜማ ለኤግዚቢሽን አዳራሽ ተከፈተ። አሮጌ ጎራዴ፣ የደበዘዘ ፎቶግራፍ፣ ጋሻ፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የኔ ጠረጴዛ። በቅሎ መልስ በስተቀኝ፣ የታችኛው መንገድ በስተግራ፣ ሁለቱ ከሚለያዩበት መገንጠያ ላይ ሦስቱ ታንኮች፣ ከዳገቱ ግርጌ የአያቴ ጎጆ በክብሪት እንጨት። ግራዝማች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ በልጃቸው በደሳለኝ ተደግፈው መጡ። ደሳለኝ ይፋግ ላይ እህል የሚነግድ፣ እኩያዬ የሆነ ሰው ነው። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ፣ ከነሱም ጋር መሪጌታ ጥበቡ። መሪጌታ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሣሉ እጀ ወርቅ ናቸው፤ በአካባቢያችን ሰይጣን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከሳቸው ነው የተማረ።

ግራዝማች ጠረጴዛውን ዞሩ። ዳገቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ዘንጋቸውን ለደሳለኝ ሰጡና የፊተኛዋን ታንክ አነሡ። «ይቺ ናት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ድምጿን ነው የሰማነው መጀመሪያ። ወፍጮ መሰለን።» ታንኳን መገንጠያው ላይ መልሰው አስቀመጧትና ጣታቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ። እኔ መተንፈስ ትቻለሁ፤ ዓይን እንደሚሥል ሰው።

ይህን ጊዜ ነው መሪጌታ ጉሮሯቸውን የጠረጉ። እያኘኩ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ጣሊያን ስንት ዓይን ነው ያለው?» አሉ። «ሁለት» አልሁ፣ ዓይኔን ከጣቱ ሳልነቅል። «ሁለት ዓይን ለማን እንደሚሣል ታውቃለህ?» አሉ።

የማታውቁ ካላችሁ ላስረዳ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሙሉ ፊቱን መልሶ፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ኃጥእ በጎን ነው የሚሣል፣ በአንድ ዓይን። ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ ሰማዕታትን ያረዱ ሁሉ፣ አንድ ዓይን ናቸው። ፊደል ያልቆጠረች ባልቴት ግድግዳውን አይታ ማን ማን እንደሆነ የምታውቀው በዚህ ነው። እኔም አውቀው ነበር። ግን ያወቅሁትን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በር ላይ አስቀምጬ ገብቻለሁ።

«መሪጌታ፣ ይኼ ግድግዳ አይደለም፣ ቅርጽ ነው፤ ዞሮ የሚታይ ነገር እንዴት በጎን ብቻ ይሠራል?» አልሁ። «ዞረህ ብታየውም ኃጥእ ኃጥእ ነው» አሉ መሪጌታ፤ ሰው ሳቀ። «ለጣሊያን ሙሉ ፊት ሰጠኸው፣ ቅዱስ አስመሰልኸው። አርበኞቹስ ወዴት አሉ?» ብለው ጠየቁ። በእጃቸው መዳፍ ላይ የቀሩትን ሽምብራዎች አየሁ። የበቅሎ መልስን ጦር ሲሶ በልተውታል። «እነሱ ናቸው» አልሁ። እዚያ ላይ ሳቁ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «የባንዳ ልጅ ለጌታው ዓይን ቢያበራ፣ አርበኛን በሽምብራ ቢቆጥር ምን ይገርማል» አለ።

እንግዲህ ያቺን ቃል ከእናቴ ጡት ጋር ስጠባት የኖርሁ ሰው ነኝ። ደም ዓይኔን ጋረደው። ዞር ብዬ፣ በዚያ ለክርክር በሠለጠነ ድምፄ፣ «አንድ ዓይን ያለው ሁሉ ኃጥእ ከሆነ፣ መሪጌታ፣ ግራዝማች እንግዳውን በየትኛው ግድግዳ፣ ከነማን ጋር ሊሥሏቸው ነው?» አልሁ።

ክርክሩ እንከን አልነበረውም። አሁንም የለውም። የተማረ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ማስረጃ ሲያገኝ፣ ማስረጃው ጋቢ ለብሶ አጠገቡ የቆመ ሰው መሆኑን አያይም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጣቱ ከታንኳ ጀርባ ተነሣ። ግራዝማች ታንኳን አንሥተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠቀለሏትና ዘንጋቸውን ከደሳለኝ ተቀብለው ወጡ። በሩ ላይ ብርሃኑ በስተኋላ ሆኖ በጎን ታዩኝ። መሪጌታ እንደሚሥሉት።

በማግስቱ ስም ተነበበ። የአያቴ አልተነበበም። የኔም ጠረጴዛ ለበዓሉ ክብር ሲባል ወደ ዕቃ ቤት ተወሰደ። ባለቤቴ፣ «ሽማግሌ ላክ። ድንጋይ ተሸክመህ እግራቸው ላይ ውደቅ፤ ሌላ መንገድ የለውም» አለችኝ። እኔ? በዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ ሰው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ። ደብዳቤ ጻፍሁ። አራት ገጽ። በመጀመሪያው ገጽ ማዘኔን ገለጽሁ፤ በቀሩት ሦስት ገጾች ንግግሬ ከሥዕል ሥርዓት አንጻር ለምን ትክክል እንደነበረ አስረዳሁ፤ ከግርጌው ያነበብኋቸውን መጻሕፍት ዘረዘርሁ። ግራዝማች ማንበብ አይችሉም። ያነበበላቸው ደሳለኝ ነው። በኋላ እንደነገረኝ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

አርባቸው እንደ ወጣ ድንጋይ ተሸከምሁ። ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ከበቅሎ መልስ ያመጣሁት፤ በጀርባዬ አዝዬ፣ ጎንበስ ብዬ ግቢያቸው ገባሁ። ደሳለኝ ደጅ ላይ ቆሞ አየኝ። «ምንድን ነው እሱ?» አለ። «ይቅርታ» አልሁ። «እኔን መች በደልኸኝ? አውርደው፣ ወገብህን ያምሃል» አለኝ። የበደልኋቸው ወዴት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሄጄ መቃብራቸው ራስጌ አስቀመጥሁት። ስመለስ ደሳለኝ እዚያው ቆሟል። ግባ አላለኝም፣ ሂድም አላለኝም።

ከዚያ ነገረኝ። ግራዝማች በሞቱበት ሳምንት አልጋቸው ላይ ሆነው ታንኳን አምጣልኝ አሉት። በጀርባቸው እንደተኙ፣ ጋቢውን እንደለበሱ፣ ሁለቱን ጉልበቶቻቸውን አቆሙ። ሁለት ተራራ ሆነ። «እዩልኝ» አሉ፤ በክፍሉ የነበረው ግን ደሳለኝ ብቻ ነው። ታንኳን እግርጌያቸው አስቀመጡና በጣታቸው እየገፉ፣ በአንዱ ጉልበት በኩል ወደ ላይ አወጧት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ጉልበታቸውን ዘረጉ፤ አገሩ ሁሉ ሜዳ ሆነ።

«በየትኛው ጉልበት?» አልሁ። «በቀኝ ነው በግራ፣ ደሳለኝ? በበቅሎ መልስ ነው በታችኛው መንገድ?»

«በቀኝ ብልህ ገመድ ይዘህ ዳገት ስትለካ ትውላለህ፤ በግራ ብልህ ጽሑፍ ትጽፋለህ። አባቴን ግን አንድ ጊዜም አላየኸውም። የሱ ማለዳ ላንተ ፈተና አይደለም» አለኝ። በሩንም ዘጋ። በሩ ሲዘጋ እንኳ ድምፅ አላሰማም፤ ጨዋ ሰው ነው።

ይኸው ስንት ዓመት ሆነን። ገበያ ላይ እንገናኛለን። «እንዴት ዋልህ?» ይለኛል፣ «ቤተሰብ ደኅና?» ይለኛል። ከሱ የሚበልጥ ጨካኝ አላየሁም። አዎ፣ አባቱን ሰድቤአለሁ። አላሰብሁበትም እንጂ ሰድቤአለሁ። ግን እሱ የኔን አያት በየዓመቱ፣ አፉን ሳይከፍት ይሰድብብኛል። የኔ ስድብ አንድ ቀን ከምሳ በፊት ነበር፤ የሱ ስንት ሚያዝያ ሆነው?

ደግሞም መልሱን ስለምፈራ የማልጠይቅ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። በቀኝም ከሆነ ይበለኝ። ሰማንያ ስድስት ዓይን የሣለ እጅ እውነት ቢሆን አይደነግጥም።

በዚህ ክረምት ከጋፋት ጭቃ አንድ ሰው ብቻ ሠራሁ፤ አርባ አራተኛዬን። አጭር ናቸው፣ ጋቢ ለብሰዋል፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ጋቢው ነጭ ተቀብቷል፣ ፊታቸው ጠይም ተቀብቷል፣ ጺማቸውም ሽበት ጣል ጣል አለበት። ዓይን ብቻ የላቸውም። በሙሉ ፊት ይሁን በጎን፣ አንድ ይሁን ሁለት፣ የሚያውቅ በዚህ ዓለም አንድ ሰው ነው የቀረ።

ደሳለኝ፣ ብሩሹን አንሥቼአለሁ፣ ትንፋሼንም ይዣለሁ። ሰው ትንፋሹን ይዞ ስንት ዓመት ይኖራል? ለአያቴ ስንት ዓይን ልሣልላቸው? መልስልኝ።